ሁዳዴን ኩሬ ውስጥ ያሳለፈው ድንኳን

አቶ አወቀ ከሞላሌ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ሰው ናቸው። የመንደሩ እድር ድንኳን የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀውታል። ከለቅሶም ከሠርግም ሲመለስ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ የተቀደደውን በወስፌ ይሰፉታል፣ አይጥ እንዳይደርስበት ቆጥ ላይ ይሰቅሉታል። ድንኳን ሲያጥፉ አይቻቸዋለሁ፤ የተኛ ሕፃን የሚያለብሱ ይመስላሉ።

በ1996 ዓ.ም. መንደሩ ተባብሮ ኩሬ ቆፈረ። በሁለተኛው ዓመት ኩሬውን የውሃ አረም ወረሰው። ከጭቃው ተነሥቶ እስከ ላይ ይደርሳል፤ በጎች ሊጠጡ ሲያጎነብሱ አልቅት አፍንጫቸው ውስጥ ይገባል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አማከለች ውሃ ሲቀዱ አረሙን እንደ መጋረጃ በሁለት እጃቸው ይገልጡት ነበር። «አወቀ፣ እኔ ሳልሞት ጥሩ ውሃ እጠጣ ይሆን?» ይሏቸዋል እየሳቁ።

ቢነቅሉት ተመልሶ በቀለ። የግብርና ሠራተኛዋ ጽናት መጥታ አየችው።

«መንቀሉን ይተዉት» አለቻቸው። «ብርሃን ይከልክሉት። ወፍራም ሸራ ወለሉ ላይ አንጥፈው ድንጋይ ይጫኑበት። ስምንት ሳምንት ካልነኩት ከነሥሩ ይሞታል።»

ስምንት ሳምንት! አቶ አወቀ በልባቸው ቆጠሩ። ሁዳዴም ስምንት ሳምንት ነው። በጾም ሠርግ የለም። ድንኳኑ ቆጥ ላይ ሥራ ፈትቶ ከሚከርም ኩሬው ውስጥ ቢጾምስ? ለፋሲካ አውጥተው ያጥቡታል፣ ያደርቁታል፤ ለዳግም ትንሣኤ ሠርግ ይደርሳል። ሠርግን አስበው ሞትን ዘነጉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለእድሩ ሳትነግር?» አለቻቸው ሚስታቸው ውባየሁ።

«ውሃው ሲጠራ ያዩት የለም? ያኔ እነግራቸዋለሁ።»

ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ሰው ሳይነሣ፣ እስከ ደረታቸው ገብተው ውሃ መቅጃው ፊት አነጠፉት። ድንጋይ እያንከባለሉ ዳር ዳሩን ጫኑት። ከውሃ ሲወጡ ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት፣ በደብረ ዘይት ማግስት፣ ወይዘሮ አማከለች ዐረፉ።

የእድሩ ዳኛ ዓምደ ሚካኤል ከደጅ ተጣሩ። «አወቀ! ድንኳኑን አውጣ እንጂ፣ በልጉ ሊጥል ነው።»

እውነቱ አፋቸው ላይ ነበር። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «አወቀ ጋ ያለ አይጠፋም» ሲባል ሰምተዋል፤ ያቺን ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ማጥፋት አቃታቸው።

«ከወንዝ ማዶ ላሉት አውሼዋለሁ» አሉ።

«በጾም ምን ደግሰው ነው?»

«ለቅሶ... ለቅሶ አለባቸው።»

ዳኛው ሁለት ጎልማሶች ወደ ማዶ ላኩ። አቶ አወቀ በጓሮ ዞረው ወደ ኩሬው ሮጡ። ከውሃ ሥር ድንጋይ ማንሣት ከመጫን እጅግ ይከብዳል። ሸራው ጭቃ ጠጥቶ እንደ በሬ ሬሳ ከብዷል። ጎትተው ሲያወጡት ዝናቡ ጀመረ፤ በአህያ ጭነው ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ጎልማሶቹ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ደጅ ላይ ቆመዋል። ለቀስተኛው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ዝናብ ይወርድበታል። ጭነቱን ከአህያው ላይ አወረዱ። ድንኳኑን ተከሉት።

ከውስጥ አረንጓዴ ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር።

«ይህ ምን ሽታ ነው?» አሉ መርጌታ ኃይለ ኢየሱስ። ወዲያው አንድ አልቅት ከላይ ወርዶ ነጠላቸው ላይ ተለጠፈ።

«አቶ አወቀ፣ ድንኳኑን ክርስትና አስነሥተውት ነው እንዴ?» አለች ዘነበች ከሴቶቹ መካከል። በለቅሶ መሐል ሳቅ አመለጠ። የሟች ልጅ ሸዋረጋ ቀና ብላ አየቻቸው፤ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም።

ሦስቱን ቀን ሙሉ አቶ አወቀ ከድንኳኑ ሥር አልገቡም። ውጭ፣ ዝናብ ላይ ቆሙ። ድንኳኑን ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ይይዘዋል ብለው ጠበቁ፤ እድሩ ግን አጥፎ መልሶ እሳቸው ቤት ላከው። ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። ሦስት ጊዜ አጠቡት፤ ሽታው ግን አፍንጫቸው ውስጥ ቀረ። ወደ ኩሬው ላለመሄድ ውሃ ከሩቅ ምንጭ ያስቀዱ ጀመር።

ለአርባው ሸዋረጋ ድንኳኑን ልትወስድ መጣች። በእጇ ጀሪካን ይዛለች።

«ሸዋረጋ፣ ያን ቀን አውሼዋለሁ ያልኩት...» ብለው ቆሙ። «ውሸት ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አባባ። ሰውም ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«እርስዎን ምን ብለን እንጠይቅዎ?» አለችና ጀሪካኑን አስቀመጠች። «ለአርባው ጠላ ከኩሬው የቀዳነው ውሃ ነው። አረሙ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ሞቷል፤ ልክ በድንኳኑ ስፋት። ወለሉ ይታያል። ሴቶቹ "ድንኳን ሥር እንቅዳ" ይላሉ። ይቅመሱልኝ።»

በጣሳ ቀዳችላቸው። ለአረሙ አራት ሳምንቱ በቅቶት ኖሯል። አማከለች ከዚህ ኩሬ አንድ ቀን እንኳ አረም ሳይገልጡ አልቀዱም። እሳቸው እውነቱን ያን ዕለት ለዳኛው ቢናገሩ ኖሮ እድሩ ድንኳኑን በአንድ ላይ ያወጣው ነበር፣ ልጅቷም እናቷን ዝናብ ላይ ባላለቀሰች።

ቀመሱት። ጭቃ ጭቃ አይልም፤ ጥሩ ነበር። ጣሳውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ እስከ መጨረሻው ጠጡት። ከዚያ ቆጥ ላይ ወጥተው ድንኳኑን አወረዱ፤ ለአህያው ግን አልሰጡትም። ራሳቸው ተሸክመው ከልጅቷ ኋላ ሄዱ።