የአክስቴ ነጭ ሽንኩርትና ቬንትሌተሩ

ካርቲየ 4 ሰፈር የሚገኘው ሱቃችን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በነጭ ሽንኩርት ሽታ ቁጥጥር ሥር መዋሉን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

አክስቴ ሐሊማ አምስት ራስ ነጭ ሽንኩርት ቬንትሌተሩ ፊት አንጠልጥላለች። የደም ግፊት ክኒኗን ግን አልዋጠችም።

«ትናንት የሽንኩርቱ ጋዝ ነው የሚሠራው ያልከው አንተ አይደለህ? ይኸው እየነፈሰልኝ ነው፣ ወላሂ!»

ብያለሁ። ነጭ ሽንኩርት ስንበላ ሰውነታችን የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ በጥቂቱ ያወጣል። ጋዙ በደም ስር ጡንቻ ላይ ካለው የፖታሲየም በር ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ በሩን ይከፍተዋል፤ ጡንቻው ይላላል፣ ደም ስሩም ይሰፋል። እንዲህ የሚገማ ነገር በር ሲከፈትለት አይገርምም?

እናንተስ ምክራችሁን እንዲህ ሥራ ላይ ያዋለ ዘመድ አላችሁ?

ማስተካከያ፦ ትናንት በዚህ ገጽ «ነጭ ሽንኩርት ግፊት ያወርዳል» ተብሎ የወጣው «ክኒን አይተካም» ተብሎ ይነበብ። አክስቴ ይህ ከተነበበላት በኋላ ክኒኗን ውጣለች፤ ሽንኩርቱን ለማውረድ ግን ድርድሩ ቀጥሏል።