ቴክናት የማይቃኝበት ዓመት

መምህር ቴክናት ካርኪ በሕንድ ካሊምፖንግ ኮረብታ ላይ ወዳለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት በልጅነቱ የገባው ለሙዚቃ ፍቅር አልነበረም፤ ለምሳ ነበር። እናቱ ገበያ ውስጥ የሰው ሸክም ተሸክማ ነው ያሳደገችው። ሩዝና ምስር በነፃ የሚበላበት ቤት አለ ሲሏት እጁን ይዛ ወሰደችው፤ ካህናቱም ከሳህኑ ጋር ቫዮሊን አስያዙት። አድጎ እዚያው የድሆች ልጆች አስተማሪ ሆነ። መቼም ግትር ነው። ክር ይበጥሱብኛል ብሎ ልጆቹን መቃኛ አያስነካም፤ የሁሉንም ቫዮሊን ጠዋት ጠዋት ራሱ ይቃኛል። ንፉግ ቢሉትም ጆሮ አይሰጥም።

ዘንድሮ እናቱ ሞተች። አንድ ልጇ ነውና በሂንዱ ወገኖቹ የኀዘን ወግ ራሱን ተላጨ፣ ነጭ ለበሰ፣ ዓመቷ እስኪሞላ ከሙዚቃ ራቀ። መጫወት የለም፣ ማንጎራጎር የለም፣ መሣሪያ መንካትም የለም። የሟች ነፍስ ዓመት ሙሉ ትጓዛለች፤ ልጇ ዘፈን ከነካ መንገድ ላይ ትቀራለች። ኀዘኑን በወር ተኩል የሚገላገሉ ዘመዶች ሞልተውታል። እሱ ግን ዕድሜዋን በሸክም የጨረሰችን ሴት በዚያኛውም መንገድ ማሰናከል አልሆነለትም። እንጀራው ነውና በቃል ብቻ እያስተማረ፣ መቃኘቱን ለኃላፊው ለአባ ቨርጊስ ተወላቸው።

ከካልካታ ፈታኝ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። በየዓመቱ ከኮረብታው ልጆች አንድ መርጣ በነፃ ወደሚያስተምር አዳሪ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ትወስዳለች፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ግን አትቀበልም። የቴክናት ተማሪ ሱንማያ አሥራ ሁለት ሞልቷታል፤ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ካለፈች ትሄዳለች፤ ካልቀናት ወንዝ ዳር ከእናቷ ጋር ድንጋይ ስትፈልጥ ትውላለች። ይህን መምህሩም እሷም ያውቁታል።

ተራዋ ሊደርስ በር ላይ ቆማ ሳለች አንዱ መቃኛ ተንሸራተተ። በደረቅ ወራት እንጨቱ ስለሚኮማተር እንዲህ ያደርጋል። አባ ቨርጊስ ውስጥ ለሌላ ልጅ ፒያኖ ያጅባሉ፤ ፈታኟ ደግሞ በሩ ሲከፈት አትወድም፣ አንዴ ከተገባ ወዲያም ቃኙልኝ ባይን አትሰማም። ሱንማያ ቫዮሊኑን አጠገቧ ለቆመው ለመምህሯ በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ ላላብኝ።»

እጁ ተነሣ፤ ግን ሳይደርስ መለሰውና ከኋላው ደበቀው። ራስሽ አዙሪው አላት። ማዞሩን አታውቅበትም፤ ማን አስነክቷት ያውቃል?

ክሩን እየመታች መቃኛውን አዞረች።

«ደረሰ?»

«ገና።»

«አሁንስ?»

«አለፈ፤ መልሺው።»

የክሩን ትክክለኛ ድምፅ አንዴ እንኳ በጉሮሮው ቢያሰማት ይበቃት ነበር፤ ጆሮዋ ስል ነው። ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። እናቱን በልቡ ለመናት፤ ምን ብሎ እንደለመናት ራሱም አያውቅ። በሩ ተከፈተና የሱንማያ ስም ተጠራ።

ከውጭ ሆኖ ሰማ። ያ ክር በተነካ ቁጥር ዜማው ይዛነፋል። በጣቷ ልታቃናው ትታገላለች፣ አንዳንዴም ይሆንላታል፤ ጣት የማያርፍበት ባዶው ክር ሲመጣ ግን ምንም ማድረግ አትችልም። እሱም አይችልም። ጆሮውን ደፍኖ መሮጥ አማረው።

ፈታኟ ሌላ ልጅ መረጠች። ቴክናትን ሱንማያ ብትቆጣው፣ ብትሰድበው እንኳ ይቀለው ነበር። እሷ ግን ቫዮሊኑን ሣጥኑ ውስጥ አስተኝታ፣ ነጩን ልብሱን ቀና ብላ አየችው።

«አይዘኑ ጋሼ። ብቻ እናትዎ በደህና ይድረሱ» አለችውና ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደች።