ስታብብ ስሟን እነግራችኋለሁ

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የዕፅዋት ጥናት መረጠ። ዛሬ ይህን ስናገር ሰው ጥሩ ሙያ ነው ይለኛል፤ ያኔ ግን የሰፈራችን ሰው ከንፈሩን ይመጥለት ነበር። ሐኪም መሆን ሲችል ቅጠል ለቃሚ ሆኖ ቀረ ይሉ ነበር። እናታችንም በሆዷ ሳታዝን አልቀረችም። በሰው ፊት ግን "ልጄ የሚያደርገውን ያውቃል" ብላ አፍ ታስይዛለች።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከቀጨኔ በላይ ዳገቱ ላይ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ብቻ ነበርን። ከጓሯችን በላይ ጥቂት ቤቶች አሉ፤ ከዚያ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይጀምራል፤ በባሕር ዛፉ መሐል ደግሞ ሳይቆረጡ የተረፉ ጽዶች፣ ቀጋና አምጃ ይገኛሉ። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ ይወጣል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ልብስ አጥቤ ከጨረስኩ እከተለዋለሁ።

ሲያስተምር በእጅ ነው። "ከማየትሽ በፊት ንኪ" ይለኛል። ግንዱን በሁለት ጣቴ መሐል እንዳሽከረክረው ያደርገኛል። "ዝም ብሎ ከዞረልሽ ክብ ነው፤ ከጎረበጠሽ አራት ማዕዘን ነው። አራት ማዕዘን ከሆነ፣ ቅጠሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከወጣ፣ ከሸተተም የበሶብላ ዘመድ ነው በይ። ዳማከሴም ጦስኝም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው።" ግንድና ቅጠል ወገኑን ይነግሩናል፤ የራሱን ስም አስረግጦ ለመናገር ግን አበባውን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል ይል ነበር። አበባ ያላየ ሰው ስም አይሰጥም። በዚህ ነገር ድርቅ ያለ ሰው ነበር፤ በሌላው ሁሉ ግን ገራገር።

የለቀመው የሚደርቀው በጋዜጣ መሐል ነው። ሁለት ጣውላ፣ በመካከሉ ጋዜጣና ቅጠል ተደራርቦ፣ ከላይ በአባቴ አሮጌ ቀበቶ ጥፍንግ ይደረጋል። ጋዜጣው እርጥበቱን ስለሚጠጣ በየቀኑ መለወጥ አለበት፤ ይህን ሥራ እናቴ ወስዳው ነበር። ችግሩ፣ የዚያን ዘመን ጋዜጣ የሊቀመንበሩ ፎቶ አይጠፋውም። አንድ ቀን ጣውላውን ስትከፍት የእምቧይ ፍሬ ፈርጦ የሊቀመንበሩን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ቢጫ አድርጎታል። "ልታስፈጀን ነው!" ብላ ጮኸች፤ ወዲያው የገዛ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ በኋላ ጋዜጣ ሁሉ በእሷ እጅ ካላለፈ ቅጠል አይነካም። የስፖርትና የሲኒማ ገጹን ትሰጠዋለች። ፊት ያለበትን ገጽ ማቃጠልም ፈራች፤ የሚቃጠል ፊት ከሚቆሽሽ ፊት ይብሳል አለች። አጣጥፋ ፍራሽ ሥር ከተተችው። እኔና እሷ ለስንት ጊዜ ተኝተንበታል። ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ የሚያስቅ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር።

ተክሏን ያገኘናት ክረምቱ እንደወጣ ነው። ከምንጩ አጠገብ ከቋጥኝ ሥር ቆማለች። ከጉልበት አትበልጥም፤ የቅጠሏ ጀርባ ነጣ ይላል፤ ሲያሹት ሎሚና የረጠበ አፈር ይሸታል። ወንድሜ ተንበርክኮ ግንዷን አሽከረከረ፤ ቅጠሏን ገለበጠ፤ አሸተተ። እንደገና አሸተተ።

"ቤቷን አወቅኩት" አለኝ። "እሷን ግን አላውቃትም።"

እምቡጥ እንኳ አልነበራትም። ሌላ ብትኖር ብለን እስከ ማታ ድረስ ዳገቱን ስንፈልግ ዋልን፤ አጣን። ብቻዋን የቆመች ተክል ደግሞ አትነቀልም፤ የሙያቸው ሕግ ነው። ስለዚህ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ቆርጦ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣትና በዘይት ቆርቆሮ ተከላት። ጸደቀች።

"መጽሐፍ ላይ የሌለች ብትሆንስ?" አልኩት።

"ከሆነችማ በእማዬ ስም ነው የማስጠራት።"

እናቴ ከማጀት ሰማችው። "ለቅጠል ነው ስሜን የምትሰጠው? ልጅ ወልደህ አትሰጥም!" አለች። እንዲህ ትበል እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተክሏን ውኃ የምታጠጣው እሷ ሆነች።

የቀበሌ ጠባቂዎች ወንድሜን የያዙት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከተራራው ሲወርድ ነው። ቀይ ሽብር የታወጀበት ጊዜ ነበር። ጣውላና ቢላዋ ይዞ ከጫካ የሚወርድ ወጣት በየትኛውም ሰፈር ቢሆን አያልፍም ነበር። ቤት ለመፈተሽ ይዘውት መጡ። ግቢያችን ውስጥ አቁመው፣

"ተራራ ላይ ማንን ነው የምታገኘው?" አሉት።

ብልጥ ሰው ቢሆን "እንጨት ለቀማ ነው የወጣሁት" ይል ነበር። እሱ ግን ስለ ዕፅዋት የጠየቀው ሰው ያገኘ መሰለው። ጣውላውን ፈትቶ ያሳያቸው ጀመር። እያንዳንዱን እያነሳ በላቲን ስሙን ጠራላቸው፤ ያውም በደስታ። እናቴ በዓይኗ ዝም በል ትለዋለች፤ አላያትም። ከጠባቂዎቹ አንዱ አጠገቡ ላለው ቀስ ብሎ፣ "እነዚህ የሰው የምስጢር ስሞች ናቸው" ሲል ሰማሁት።

ሌላኛው በክላሹ አፈሙዝ የዘይት ቆርቆሮውን ነካ አደረገው። "ይቺስ ማን ትባላለች?"

"የእሷን ገና አላወቅኩም።"

"ስሟን ሳታውቅ ታሳድጋታለህ?"

"ስታብብ አውቃለሁ።"

ሳቁ። ከዚያ ከነጣውላው ወሰዱት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ እናቴንና እኔን አየንና፣ "እንዳትቆርጧት፤ ስታብብ ስሟን እነግራችኋለሁ" አለ። የተሰናበተን በዚህ ነው። ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እናቴ ወደታሰረበት ቦታ ስንቅ ማመላለስ ጀመረች። ምግቡ ገብቶ ባዶው ሳህን ይመለስላታል፤ ሳህኑ ከተመለሰ ሰውዬው አለ ማለት ነው። ብዙ እናቶች እዚያ በር ላይ አንድ ቀን "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ" ይባላሉ። ትርጉሙን ያልተረዳ አልነበረም። እናቴ በተራዋ የተባለችው ግን ሌላ ነው። "ተዛውሯል" አሏት። የት እንደተዛወረ የሚነግራት አጣች። ያላንኳኳችው በር የለም። ሳህኗን በጨርቅ ቋጥራ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ዞራ ከነምግቡ ትመለሳለች።

በሰፈራችን ልጅ የሞተባቸው ነበሩ፤ አልቅሱ የሚላቸው አልነበረም። ማልቀስም ማቅ መልበስም ያስጠይቃል። እናቴን ሊያጽናና የሚሞክር ሰው ሲመጣ ግን እሷው ትቆጣለች። "የሞተ ሰው የለብኝም፤ ልጄ ተዛውሯል" ትላለች።

እኔ ተራዬ ሲደርስ እንደ ወንድሜ ዕፅዋት ጥናት ገባሁ። ማስመሰል አልፈልግም፤ ለሳይንስ ፍቅር አልነበረም፤ የዚያችን ተክል ስም ማወቅ ፈልጌ ነው። ከቋጥኙ ሥር የነበረችው እናቷ በማገዶ ለቃሚ ተመንጥራ ጠፍታለች፤ የቀረችው የእኛዋ ብቻ ናት። ከቆርቆሮው አውጥተን ጓሮ ተክለናት ትከሻዬ ድረስ አድጋለች። ጥቅጥቅ ያለች ቁጥቋጦ ሆናለች። ማበብ ግን የለም። ቅጠሏን ይዤ የደረቁ ዕፅዋት ከሚቀመጡበት ክፍል ገብቼ ከስንቱ ጋር አስተያየሁ፤ ሁሉም ይመስላታል፤ አንዱም ልክ አይሆንም። አስተማሪዬ አንድ ጊዜ አይቶ፣ "አበባ ይዘሽ ነይ" ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው።

ጥፋቱን በሁሉም ላይ ፈለግሁ። ጥላ በዝቶባት ይሆናል ብዬ የጎረቤት ባሕር ዛፍ አስቆረጥኩ። አመድ ጨመርኩ፤ ፍግ ጨመርኩ። በየዓመቱ መስከረም ሲገባ ጫፎቿ ተቀንጥሰው አያቸዋለሁ። የጎረቤት ፍየል ናት አልኩና ዙሪያዋን በቀጋ እሾህ አጠርኩ። ሳጥር እሾሁን የምታቀብለኝ እናቴ ነበረች።

አንድ የመስከረም ጠዋት አሞኝ ከትምህርት ቀረሁ። እናቴ ከመድኃኔዓለም ተሳልማ ስትመለስ በመስኮት አየኋት። ወደ ቤት አልገባችም፤ ወደ ጓሮ ሄደች። እሾሁን ገለል አድርጋ ተክሏ አጠገብ ቆመች፤ በአውራ ጣቷ ጥፍር እምቡጦቹን እየቀነጠሰች በነጠላዋ ጫፍ ትሰበስባቸው ጀመር። ሥራውን ለምዳዋለች፤ የተደበቀችውን እምቡጥ ሁሉ ቅጠል እየገለጠች ታገኛታለች።

በባዶ እግሬ ወጣሁ።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

አልደነገጠችም። የሰበሰበችውን በነጠላዋ ይዛ ቀና አለች።

"ይህን ሁሉ ዓመት አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ለዚህ ነው የምማረው! ስሟን እንድናውቅ አትፈልጊም?" ጮህኩባት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም።

"ስታብብ እነግራችኋለሁ ነው ያለው" አለች።

"ታዲያ እንድታብብ ተያት!"

"አብባ እሱ ካልመጣስ?"

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠረች። "ካላበበች ቃሉ አላለፈም" አለችኝ፤ ሕፃን እንደምታስረዳ ቀስ ብላ። "ገና ነው። ጊዜው ገና ነው።" ከዚያ እሾሁን ወደ ቦታው መልሳ ገባች። ከዚያ ወዲያ ለአስተማሪዬ ስለዚያች ተክል አላነሳሁለትም። በየመስከረሙም አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ዓመታት አለፉ፤ መንግሥቱ ያው ነው፤ እኔ ተመርቄ እዚያው የደረቁ ዕፅዋት ክፍል ተቀጠርኩ። በአንድ የበጋ ቀን ረጅም፣ ከሲታ ሰው በራችንን አንኳኳ። ከእስር ከተፈታ ሳምንትም አልሞላው። የወንድሜን ስም ጠርቶ ቤቱ ይኸ መሆኑን ጠየቀ። እናቴ እጁን ይዛ አስገባችው፤ አስቀመጠችው፤ ግን ምንም አልጠየቀችውም። ሰውዬው ውኃ ጠጣና አንገቱን ደፋ።

"እማማ፣ አንድ ክፍል ነበርን" አላት። "ተዛውሯል ያሏችሁ ለት ነው ያወጡት። እሱና ሌሎች... በቃ፣ አልተመለሱም። ልነግርዎ ብዬ ነው የመጣሁት። መቅረት ነውር ሆነብኝ።"

እናቴ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቀሚስ ታስተካክላለች፤ ታስተካክላለች። ሰውዬው ሊሄድ ሲነሳ የረሳው ነገር ትዝ ያለው መሰለ።

"ስለ አንዲት ተክል ያወራን ነበር። ቆርቆሮ ውስጥ ያለች... አበበች?"

"አላበበችም፣ ልጄ" አለችው እናቴ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ወጣ፤ መስከረም ገባ። እናቴ ጓሮ አልሄደችም። እኔም አልሄድኩም፤ ሁለታችንም በዚያ በኩል እንደሌለ ነገር እናልፋለን። አንድ እሑድ ከአልጋዬ ሳልነሳ መቀስ ይዛ ገባች፤ በሌላው እጇ አበባ ይዛለች። ሐምራዊ ነው፤ በቅርንጫፉ ጫፍ ዙሪያውን ተደራርቦ የወጣ፤ እያንዳንዱ ከእህል ፍሬ ብዙም የማይበልጥ።

"እንቺ" አለችኝ። "ስሟን ንገሪኝ።"

የክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ ስለነበር በሰንበትም ሥራ ቦታ ወስጄ አንዷን አበባ በመርፌ ከፈትኩ፤ ከንፈር የሚመስለውን የአበባ ቅጠሏን፣ ወንዴ ዘንጎቿን አየሁ። ከሰዓት በፊት አገኘኋት። አዲስ አልነበረችም። እናቴ ሳትወለድ ስም የወጣላት ተክል ናት፤ በሌላ ተራራ ላይ በብዛት አለች። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ መንገር የነበረብኝ ለአንድ ሰው ነው።

ስመለስ እናቴ ጓሮ፣ ተክሏ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ለመዋሸት አስቤ ነበር። "ስምሽ ነው የወጣላት" ማለት ምን ይከብዳል? ግን አፌ እንቢ አለኝ። ሁለቱን የላቲን ቃላት ቀስ ብዬ ነገርኳት። ልትደግማቸው ሞከረች፤ ሁለተኛው ላይ ተደናቀፈች።

"እሱ ሊነግረኝ የነበረው ይህንኑ ነው?"

"ይህንኑ ነው፣ እማዬ።"

"የኔ ስም የለበትም?"

"የለበትም።"

ራሷን ነቀነቀች። "ልጄ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ያታልለኝ ነበር" አለች። "ስምሽ ነው፣ እማዬ፣ ይለኝ ነበር።"

ስለ እሱ እንደሞተ ሰው ስትናገር የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። እሷም የራሷን ቃል የሰማች መሰለኝ፤ ፊቷ ተለወጠ። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ ወገቧን ታጠቀችበትና ደረቷን መታች፤ የወንድሜን ስም ጠርታ ጮኸች። ዝም በይ፣ ይሰማሉ አላልኳትም። የላይኛው ቤት በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ቀጥሎ የታችኛው። ማንም ሳይጠራቸው ጎረቤቶቻችን እያለቀሱ ገቡ፤ የእድሩን አግዳሚ ተሸክመው አመጡና ጓሮ ውስጥ ዘረጉት።