ኑግ ወጥቶ አቡጀዲ የገባበት ዓመት

ያሰሩን ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ውኃ ነበር። ነሐሴ ነው፤ የፎገራ ሜዳ ጠጥቶ የተረፈው ውኃ እስከ ወረታ ቤቶች ሥር ይደርሳል። ወለሉ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው፤ ግድግዳው የሻገተ ጭድ ይሸታል። በአንድ ጥግ ብቻ ድንጋይ ተደርድሮ ደረቅ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱም የታሰሩት በእኔ ሰበብ ነው።

ያኔ ወረታ አስተማሪ ነበርሁ። ጋዜጣ ሲደርሰኝ በገበያ ቀን ለሚሰማኝ ሁሉ አነብ ነበር። በዚያ ዓመት መንግሥት ከአንድ የባሕር ማዶ አገር ጋር የንግድ ውል መዋዋሉን አነበብሁ። የእኛ ኑግ ወደ እነሱ፣ የእነሱ ጨርቅ ወደ እኛ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ። ክረምቱ ሳይገባ አቡጀዲ በመኪና እየተጫነ መጥቶ ገበያውን ሞላው። ሸማኔዎቹ ጋቢያቸውን እንደታጠፈ ይዘው ወደ ቤታቸው መመለስ ጀመሩ።

አንድ ሽማግሌ ሸማኔ መጥተው "መምህር፣ አቤቱታ ጻፍልን" አሉኝ። ጻፍሁ። ውሉ ይፍረስ አላልንም። "የባሕር ማዶው ጨርቅ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ሳይቀረጥ ሲገባ፣ የእኛ ጋቢ ከወረታ እዚህ አንበሳሜ ድረስ ሲወሰድ ገበያ በር ላይ የሚቀረጠው ስለ ምንድን ነው?" ብቻ ነበር ያልነው። ይህ ጥያቄ አድማ ተባለ።

ድንጋዩ ላይ ካሉት አንዱ እኚያ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው በእኔ ዕድሜ ያለ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነው። ጥፋቱ አቤቱታው ሲነበብ እዚያ ቆሞ መገኘቱ ነበር። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና ገና ሳልደላደል ጀመረኝ።

"መምህር፣ እኔ በአንተ ነገር አልስማማም።"

"በምኑ?"

"በውሉ። ድሮ ኑጌን በአህያ ጭኜ ገበያ አውዬው ሳይሸጥ እመለስ ነበር። ዘንድሮ ነጋዴው ራሱ ደጄ ድረስ መጣ። ልጆቼም አቡጀዲ ለበሱ። ይኸ ምኑ ነው የሚከፋው?"

"ለአንተ አይከፋም" አሉ ሽማግሌው። "እኔ ግን አርባ ዓመት የሸመንሁበት ጉድጓድ ዛሬ ዶሮ ተኝቶበታል።"

"እንግዲያ ጨርቁ ይከልከል ነው የሚሉት፣ አያ?"

"አላልሁም። ወይ እኩል ይቅረጡን፣ ወይ እኩል ይተዉን።"

ገበሬው ተቀበላቸው። "ይኸስ ልክ ነው። የኑጌን ገበያ ግን አልሰጥም።"

ሦስታችንም ሳቅን። ሁለት ቀን እንዲህ ስንከራከር ሰነበትን።

በሦስተኛው ቀን ጧት አንድ የገበሬው ጎረቤት ከበሩ ውጭ ቆሞ ተጣራ። ውኃው ወደ ቁሐር እየገፋ ነው፤ ሚስቱ ከብቶቹን ብቻዋን ወደ ጉብታው ማውጣት አቅቷታል። ገበሬው ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰም።

ያሳሰረን የፖሊስ መኮንንም ይህን ሰምቶ ኖሯል። ቀትር ላይ ሦስታችንንም ወደ በረንዳው አስወጣን። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀትና የአሻራ ቀለም ተዘጋጅቷል።

"አንተ፣ አውራ ጣትህን እዚህ አድርግና ሄደህ ከብትህን አድን።"

"ምን ይላል?" አለ ገበሬው።

"ምን አገባህ?"

"ጣቱ የእኔ ነዋ።"

ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ጸሐፊ አነበበው። መምህሩ የአቡጀዲው መኪና እንዲቃጠል፣ ሕዝቡም በመንግሥት ላይ እንዲነሣ ሲሰብክ ሰምቻለሁ ይላል። ውሸት ነው ልል አፌን ስከፍት ከኋላዬ የቆመው ፖሊስ አንገቴን አነቀኝ።

ገበሬው ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ጌታዬ፣ ይኸ ሰው የተናገረውን እኔ አልወደድሁትም። ሁለት ቀን ስሞግተው ነው የሰነበትሁ። ይኸን ግን አላለም።"

"ከብትህ እየሰጠመ ነው!"

"አውቃለሁ።"

ሌላ ፖሊስ ክንዱን ጠምዝዞ ወደ ቀለሙ ጎተተው። ገበሬው አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጥፎ ጨበጠ። በጥፊ መቱት። በሰደፍ ጣቶቹን ቀጠቀጡት። ጡጫው አልተከፈተም። ወረቀቱን ወደ ሽማግሌው ሲያዞሩት እሳቸውም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

ወደ ክፍሉ ሲመልሱን እጁ አብጦ ነበር። ሽማግሌው የነጠላቸውን ጫፍ ቀድደው ጠቀለሉለት። በዚያ ቀን ስለ ውሉ ማንም አላነሣም።

ገበሬውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቀቁት። ሁለት ላምና አንድ በሬ በጎርፉ እንዳለቁበት የሰማሁት ወደ ሌላ ወህኒ ቤት ከተዛወርሁ በኋላ ነው። ሸማኔው ተፈትተው ልጃቸው ዘንድ ተጠጉ፤ ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። እኔ በአቤቱታው ብቻ ተፈርዶብኝ ዓመት ታሰርሁ። ማስተማርም ተከለከልሁ።

ዛሬ በሬዲዮ የተማሩ ሰዎች ስለ ነፃ ንግድ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ጥቅሙን ይዘረዝራሉ፤ ጉዳቱን ይዘረዝራሉ፤ ተጨባብጠውም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኛም ያልነው ከዚያ አይበልጥም ነበር። ውል ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ገበሬውም እውነት ነበረው፤ ሸማኔውም እውነት ነበራቸው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ ውሉ ኑሯቸውን የሚገለብጥባቸው ሰዎች መጠየቃቸው ወንጀል መደረጉ ነው።

በሕይወቴ ብዙ ሰው "ልክ ነህ" ብሎኛል። "ልክ አይደለህም" እያለኝ ስለ እኔ እውነት የተደበደበልኝ ግን ያ ገበሬ ብቻ ነው።