ሁለት መቶ ስድስት አጥንትና የፈልፋዮቹ ጠረጴዛ

የሥራ ባልደረባችን ቦራም በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነርስነት ለመማር ኮሌጅ ስትገባ፣ ቶንግዮንግ ወደብ ላይ ዛጎል በቢላ እየከፈትን ለምግብ የሚሆነውን ሥጋ የምንፈለፍል ሴቶች ሁላችንም አብረናት የገባን ነው የመሰለን። የመጽሐፍ ቦርሳዋን ተራ በተራ እያነሳን መዘንነው።

«ይሄ ቦርሳ ነው ወይስ መልሕቅ?» አሉ እትዬ ማልሱን። ቢላ ከያዙ ሠላሳ አምስት ዓመት የሆናቸው የጠረጴዛችን አንጋፋ ናቸው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ጂንጁ ከተማ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኛ ጋር ትፈለፍላለች። ሰባት የትምህርት ዓይነት ነበራት። እሷ ደግሞ መምህሩ ከሳለ ሳሉን ሳይቀር የምትጽፍ ናት፤ ቤት ገብታም ያንኑ በቆንጆ ጽሑፍ ትገለብጣለች። በሦስተኛው ሳምንት አራት ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀረች። የአጥንቱ ፈተና ሚያዝያ ላይ ነው፤ ከስድሳ በታች ያመጣ ዓመቱን ይደግማል።

«ሁለት መቶ ስድስት አጥንት በየስሙ!» አለች አንድ ቅዳሜ ጓንቷን እያጠለቀች። «ክምሩን ሳየው እጄ ይዝላል።»

«ክምሩን ማን እይ አለሽ?» አሉ እትዬ ማልሱን። «እዚህ የመጣሽ ለት ያን ሁሉ ዛጎል አይተሽ አላለቀስሽም? ምን አልኩሽ?»

«‹እጅሽ ላይ ያለውን እይ› ነው ያሉኝ።»

«እህሳ! በይ አጥንቱን አምጪውና አካፍይን።»

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የሞቀው። ስሞቹን በወረቀት ጻፈች፤ እኔ ውሃ እንዳይነካቸው በላስቲክ ጠቅልዬ በየሰዉ ፊት ሰቀልኳቸው። ለእኔ የእጅ አንጓ ስምንቱ ደረሱኝ። አጠገቤ የምትፈለፍለው ዮንሲል አከርካሪ ሆነች፤ «ለካ ወገቤ ያለ ምክንያት አላመመኝም!» እያለች በሳቅ ትገድለናለች። እትዬ ማልሱን «ጭንቅላት ለትልቅ ሰው ነው» ብለው ራስ ቅልን ከነጆሮው ወሰዱ። ቦራም እየፈለፈለች ትጠይቃለች፣ እኛ ቢላችንን ሳናቆም እንመልሳለን፤ የተሳሳተ ይጮኽበታል። የሁለት ዓመት ልጄ እንኳ የጉልበቷን ሎሚ እየመታች የአጥንቱን ስም መጥራት ጀመረች። ቦራም መገልበጡን ተወች፤ የዕለቱን ትምህርት አውቶቡስ ላይ አንዴ ታነበዋለች፣ በቃ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቅዳሜ ብቻ እትዬ ማልሱን ጥርሳቸውን ታመው ቀሩ። እኛው እንደ አገራችን ልማድ ትምህርቱ እንዲጣበቅባት የሚያጣብቀውን ከረሜላ አጎረስናት፤ ተፈታኝ ያንሸራትታል የሚባለውን የባሕር ቅጠል ሾርባ ደግሞ ከለከልናት።

ውጤቱ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት በስልኳ ነው። ሁላችንም ቢላ አስቀመጥን።

«ሰማንያ አንድ!»

ጩኸታችንን ሲሰሙ ጀልባ ላይ የነበሩት ወንዶች ሰው ባሕር ገባ ብለው እየሮጡ መጡ። እኔና ዮንሲል በእርጥብ ሽርጣችን ተቃቅፈን ዘለልን። እትዬ ማልሱን ግን ከቦታቸው ሳይነቃነቁ «የቱን ሳትሽ?» አሉ።

ቦራም አቀረቀረች። «ከራስ ቅሉ ብዙውን፣ የጆሮ ውስጥ ትንንሾቹን ሦስቱንም። ፈተናው ላይ ጠረጴዛውን በልቤ ስዞር... የእርስዎ ቦታ ባዶ ሆነብኝ።»

«የኔን? ከዚያ ሁሉ አጥንት መርጠሽ የኔን ጣልሽ?» እያጉረመረሙ ባልዲያቸውን ጎትተው አጠገቧ ቆሙ። «ከእንግዲህ ጥርሴ ቢረግፍም ቅዳሜ አልቀርም። ቀጥሎ ምንድን ነው የምትፈተኚው?»

«ጡንቻ።»

«ስንት ነው?»

«ከስድስት መቶ በላይ።»

 ዮንሲል ሌሎቹ ፈልፋዮች ወደሚሠሩበት ወደ አዳራሹ ወዲያኛ ጫፍ ዞራ ተጣራች፦

«እናንተዬ! ጠረጴዛችሁን ወደዚህ አስጠጉ፣ ሥራ አለ!»