ስም ያልመጣላት ምራት

ሽማግሌዎቹ አባቴን እሺ ካስባሉት ብዙም ሳይቆይ፣ ቦሌ መንገድ ላይ ያለ አንድ ሆቴል የሠርግ ባዛር ሊያዘጋጅ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ወሬውን ያመጣችልኝ ቢሮ አብራኝ የምትሠራ ጸሐፊ ነበረች። ቬሎ የሚያከራየው፣ ኬክ የሚጋግረው፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው፣ መኪና የሚያስጌጠው ሁሉ በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባል አለችኝ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚያገባ ሰው አንዱን ፒያሳ፣ ሌላውን መርካቶ ሲፈልግ እግሩ ይቀጥን ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመታሁት ደብዳቤ ሁሉ ስህተት ነበረበት። አለቃዬ እየመለሰ ቢያስደግመኝም ልቤ ከቢሮው ወጥቶ ሄዷል።

እኔ ደስ ሲለኝ መቀመጥ አልችልም። እናቴ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ስትለኝ ነው ያደግኩት፤ ለቅሜም አላውቅም፣ እንዳፈሰስኩ እሮጣለሁ። እጮኛዬ ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ነው። ኤርፖርት ጭነት ክፍል ይሠራል፤ ሥራው ሣጥን መመዘን ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ቃል እንኳ መዝኖ ነው የሚያወጣው። ስለ ባዛሩ በስልክ እያለከለክሁ ስነግረው «እንሂዳ» ብቻ አለ። ለእሱ ይህ ጭፈራ ነው።

ደስታዬን የሚያጎድል ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አማቴ።

እኔ የቦሌ ሚካኤል ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፍቷል። እጮኛዬ ግን የቡልቡላ ኦሮሞ ገበሬ ልጅ ነው። ያኔ ቡልቡላ ጤፍና ሽምብራ እንጂ ፎቅ አልበቀለባትም፤ አውሮፕላኑ ከአውድማው በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ በሬዎቹ ቀና እንኳ አይሉም። አባቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ እርሻውንም ልጆቹንም ይዘው የቀሩት እናቱ ናቸው። በእነሱ ቤት ወግ፣ ለምራት አዲስ ስም የምታወጣላት አማቷ ናት። ሽማግሌ ከተላከ ጀምሮ አማት ስሙን ታስባለች። በሠርጉ ዕለት ሙሽራዋ ጉልበቷን ስትስም በዚያ ስም ትጠራታለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጅቷ በዚያ ቤት ሌላ ስም የላትም። ለታላቅ ወንድሙ ሚስት ስሙ የመጣው ገና ሽማግሌ በተላከበት ሳምንት ነበር አሉ። ስለ እኔ ሲጠየቁ ግን አማቴ «አልመጣልኝም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እጮኛዬ ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው። እኔ አልሳቅኩም። በዘመዶቻቸው መካከል ስም ሳይመጣላት የገባች አንዲት ምራት ነበረች፤ ወልዳ ከብዳ፣ የልጅ ልጅ አይታም ሰው ሁሉ «ያቺ ሴትዮ» ነው የሚላት። ስም አልመጣም ማለት ሆድ አልፈቀደም ማለት ነው። አማቴን እስከዚያ ድረስ ያየኋቸው አንዴ ብቻ ሲሆን፣ ያኔም የጠሩኝ «አንቺ ልጅ» እያሉ ነበር። አልከፉብኝም፣ አልቀረቡኝምም። እኔ ደግሞ ከክፉ ሰው ጋር መጣላት እችልበታለሁ፣ ዝም ከሚለኝ ሰው ጋር ምን እንደምሆን ግን አላውቅም።

ባዛሩ የተከፈተው በኅዳር፣ በሚካኤል ዕለት ነበር። ሆቴሉ በር ላይ እጮኛዬን ስጠብቅ ከእናቱ ጋር ሲመጣ አየሁ። ለካ እሳቸው ቦሌ ሚካኤል ሊያስቀድሱ መጥተው፣ ቅዳሴው ሲያልቅ አግኝቷቸዋል።

«ብቻዋን ልመልሳት እንዴ?» አለኝ በጆሮዬ።

አማቴ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ለበዓሉ የተቀቡት ቅቤ ከሻሻቸው ሥር ያበራል። ሰላም ብዬ ሳምኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ፣ እማማ። እርስዎስ?»

«ይመስገን። ይሄ ቤት የማን ነው?»

«ሆቴል ነው፣ አዮ» አለ ልጃቸው፤ እናቱን የሚጠራው እንደዚያ ነው። «ለሠርግ የሚሆን ዕቃ እናያለን።»

አዳራሹ ውስጥ ስገባ ግን አማት ያለኝ መሆኑንም ረሳሁ። አቤት፣ ያ አዳራሽ። ግድግዳው ሁሉ ሮዝና ነጭ ጨርቅ፤ አንዱ ጥግ ባለ አራት ፎቅ ኬክ፤ ወዲህ ፊኛ፤ ወዲያ ፊቱን በአበባ የሸፈነ መርቼዲስ፣ በየት በኩል እንዳስገቡት እንጃ። አንዱ ቪዲዮ ቀራጭ ካሜራውን ወደ በሩ አዙሮ የሚገባውን ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን ያሳያል። ራሴን እዚያ ውስጥ ሳይ እጄን አውለበለብኩ፤ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለችውም አውለበለበች። ደጋግሜ ወጥቼ ገባሁ። እጮኛዬ «አይተሻል እኮ» እያለ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ። አማቴ ኬኩ ጋ ቆመው ብዙ አዩትና «ይሄ የሚበላ ነው ወይስ የሚታይ?» ብለው ጠየቁ። ጋጋሪው አንድ ቁራሽ አቀመሳቸው። ቀመሱና የቀረውን ለልጃቸው አሳለፉት። ብዙ ሳይቆዩ ሰውና ጫጫታው ደከማቸው፤ ግቢው ውስጥ ወንበር ፈልገን ለስላሳ ከፍተንላቸው ተመለስን።

አንዲት ቬሎ አከራይ ዓይን ውስጥ የገባሁት ያኔ ነው። «መስቀያ ላይ የተሰቀለ ቬሎ ማንም አያየውም፤ አንቺ ብትለብሺልኝ ግን ገበያዬ ይደራል» አለችኝ። እኔን ለዚህ መለመን አያስፈልግም። ከመጋረጃ ጀርባ ገብቼ፣ በመርፌ ቁልፍ ከኋላዬ ጠበብ ተደርጎልኝ፣ አክሊልና ዓይነ ርግብ ደፍቼ ወጣሁ። እጮኛዬ ሲያየኝ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ያን ፊት ዛሬም ስናኮርፍ አስታውሼ እታረቀዋለሁ። ለእሱም ጥቁር ኮት አለበሱት። ጎረቤቷ ዲኮር ሠሪው የወርቅ ቅብ ወንበሮቹ ላይ አስቀመጠን፤ ቪዲዮ ቀራጩ መብራቱን አበራብን፤ ካሴት ሻጩ የሠርግ ዘፈኑን ከፍ አደረገው። አንዲት ሴት ከየት መጣች ሳልል እልል አለች። እልልታ ደግሞ አንዴ ከተነሣ ማን ያቆመዋል? ሊገበይ የመጣው ሁሉ እያጨበጨበ ከበበን። ባዛር መሆኑን የረሳሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

በዚያ መሀል አማቴን በሩ ላይ አየኋቸው።

ቆመዋል። ወንበሩን፣ ልጃቸውን፣ እኔን፣ ካሜራውን አዩ። ከዚያ ግራና ቀኝ ቃኙ፤ ከወገናቸው አንድ ሰው እንኳ ይኖር እንደሆን የሚፈልጉ ነበር። ማንም የለም። ያኔ ነው ምን እንዳሰቡ የገባኝ፤ ልጄ ያለ እኔ፣ ያለ ዘመድ፣ ከከተሜዎቹ ጋር ሠርጉን ሠራ ብለዋል። ክው አልኩ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያለው ግን ከገዛ ቤቱ የተባረረ ሰው ፊት ነው። ከዚያ ነጠላቸውን አጥብቀው አጣፉና ሰውን እየገፉ ወደ እኛ መጡ።

እጮኛዬ ተነሥቶ በኦሮምኛ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ዘፈኑ ድምፁን ዋጠው። እኔ ደግሞ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ፣ ሰውነቴ የሚያውቀውን አደረግሁ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ይቅርታ ማለቴ ነበር። ለእሳቸው ግን፣ ቬሎ የለበሰች ልጅ ጉልበት ስትስም፣ ሠርጉ ሠርግ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ?

አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። «ውለዱ፣ ክበዱ። አብራችሁ አርጁ» አሉ። ቀጥለውም ጆሮዬ አጠገብ ሰምቼው የማላውቀውን ስም ጠሩኝ። ቃሉ ኦሮምኛ ነው፤ «ቤቴን ሞላችው» እንደ ማለት ነው። የቤት ስም ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ሳሙኝ፤ የፀጉራቸው ቅቤ ዓይነ ርግቡን ነካውና አከራይዋ ከኋላዬ «በስመ አብ» ስትል ሰማኋት። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሰውና መብራት ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቬሎውን አውልቄ ስወጣ እናትና ልጅ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጁ ነገሩን አስረድቶ ጨርሷል፤ እሳቸው ገና እየመረመሩት ነው።

«ታዲያ እነዚያ ያጨበጨቡት ዘመዶቿ አይደሉም?» አሉ።

«አይደሉም፣ አዮ። ሸማቾች ናቸው።»

«እልል ያለችውስ?»

«እሷም ሸማች ናት።»

ሳቅ ያዛቸው። ሳቃቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል እንጂ ድምፅ የለውም። ሳቁ አልፎ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ሆዴ አላስችል አለኝና ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ያለ እርስዎ የተጋባን ከመሰለዎት ለምን አልተቆጡም?»

«ማን አልተቆጣሁም አለሽ? ሆዴ ተቃጥሎ ነበር እንጂ።»

«ታዲያ ስሙን ለምን ሰጡኝ? አልመጣልኝም ብለው አልነበረም?»

«አልመጣም ነበር» አሉ። «ባለፈው ሳይሽ ልጄን ብቻ ነበር የምታዪው። እኔን አይተሽኝ አታውቂም። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ሰው አንቺን ሲያይ አንቺ በር ላይ እኔን አየሽ። ደነገጥሽልኝ። ያኔ መጣ።»

እጮኛዬ በመሀል ገብቶ «እንግዲህ ለሠርጉ ሌላ ታወጪላታለሽ» አለ፣ ነገሩን ሊያቀለው።

«ስም ሁለቴ አይወጣም» አሉት።

ወደ ቦሌ ሚካኤል የሚሄድ ታክሲ ስናገኝ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ሰው ተጋፍቶ ገባ፤ አማቴ መስኮት ጥግ ያዙ፣ ልጃቸው ቀጥሎ ሊቀመጥ ሲል በእጃቸው መልሰው ወደ ኋላ ላኩት። እኔ ገና በሩ ጋ ቆሜ ወያላው «ግቢ ወይም ውጪ» ይለኛል። አማቴ የሆነ ሰው በስም ጠሩ። ማንን እንደሚጠሩ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ደግመው ሲጠሩ፣ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ነበር።

«አቤት» አልኩ።