ለአንድ ሰው የታሰረ ጭነት

ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት አዳማ ውስጥ ሞተር ብስክሌት የነበረን እኔና ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበርን ብል ብዙ አልዋሸሁም። ቆዳ ይገዛ የነበረ የውጭ አገር ሰው፣ አሠሪያችን፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልን ሄደ። ሁለት ሰው አፈናጦ ረጅም መንገድ የሚሄድ፣ ከወደቀ ግን አንድ ወንድ ብቻውን የማያነሳው ብረት ነበር። እናትና አባታችን በንዳድ ከሞቱ ወዲህ በቤታችን ድምፅ የሚያሰማ ነገር ቢኖር እኛና እሱ ነበርን።

አንድ በጋ ወንድሜ ቆዳ ሊያይ በሞተሩ ወደ ቡልቡላ ወረደና በዚያው ቀረ። ሞተሩ መንገድ ላይ ተበላሽቶበት የአንድ ገበሬ ቤት እንግዳ እንደሆነ ሰማሁ። ቀጥሎ የገበሬውን ልጅ ማግባቱን ሰማሁ። ክረምቱ አልፎ በመስቀል ሰሞን፣ በጨው ነጋዴ በኩል «ጋሪ ይዘህ ናና ሞተሩን ውሰደው» ብሎ ላከብኝ። እሱም ሚስቱን ይዞ አብሮ ሊመጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጓዳውን አስጠርጌ፣ አዲስ አልጋ በጠፍር አስወጥሬ ተነሳሁ።

ባለ አራት እግር ጋሪና ሁለት በቅሎ ከጎረቤቴ ከዱቄት ነጋዴው ተዋስኩ። ገመድ የያዝኩት አንድ ብቻ ነው፣ ያውም ቀጭን። ከባድ ሞተር ጋሪ ላይ ሲወጣ እንደ ሰካራም ነው፤ ከጎኑ ሆኖ የሚደግፈው ሰው ይፈልጋል። እኔ በቅሎዎቹን ስነዳ ወንድሜ ሞተሩን ይደግፋል፤ እስከ አዳማ ስንጨቃጨቅ እንደርሳለን። ይህን እያሰብኩ ዓለም ጤናንና መቂን አለፍኩ፤ ብቻዬንም የሳቅኩበት ጊዜ ነበር።

ወንድሜን ወፍሮ አገኘሁት። ሚስቱ ከበሩ ብቅ ስትል ሆዷ ገፍቷል። አማቱ፣ ሽበታም ገበሬ፣ «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልንጭን ወጣን።

«ጋሼ፣ ገመድህ የታለ?»

«ያው።»

«በዚህ እንኳን ሞተር ፍየል አይታሰርበትም!»

«አንተ ትደግፈው የለም እንዴ? ምን ገመድ ያስፈልጋል?»

ወንድሜ ቤት ገብቶ ክንዱ ሙሉ ጠፍር ይዞ ወጣ።

መጀመሪያ ቤንዚኑን አንጠፍጥፎ ወደ ጣሳ ቀዳው። ሁለት ወፍራም ሳንቃ አጋደመና ከሚስቱ ወንድሞች ጋር እየገፉ ሞተሩን ጋሪው ላይ አወጡት። የፊት ጎማውን ከጋሪው ግንባር ጋር አጋጥሞ፣ ከሁለቱም ጎማዎች ፊትና ኋላ የግራር ጉማጅ በሚስማር መታ። ከዚያ እሱ ኮርቻው ላይ ወጥቶ የሚነጥረውን የሞተሩን ሞላ በክብደቱ ወደ ታች ሲጫን፣ እነሱ የመሪውን አንገት ግራና ቀኝ ወጥረው አሰሩት። እሱ ሲወርድ ሞተሩ ቀና ሊል ፈለገ፤ ጠፍሩ አልለቀቀውም። ኋላውንም እንደዚሁ አደረጉ። ቀለሙን እንዳይፍቀው ጠፍሩ የሚነካው ቦታ ሁሉ የበግ ቆዳ ጣል አደረገበት፤ ጤዛ እንዳያላላውም ጠፍሩን ቅቤ ቀባው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው ብዬ ልቀልድ ነበር፤ ተውኩት።

«ባረፍክበት ሁሉ ቋጠሮውን ዳብሰው» አለኝ። «የመቂ ወንዝ ጋ ስትደርስ ውረድና በቅሎዎቹን በእጅህ ሳባቸው። ሌላ ሐሳብ አይግባህ፤ ብቻህን ትደርሳለህ።»

«አንተስ?»

«እኔ እንግዲህ እዚሁ ነኝ፣ ጋሼ።»

ስለ አልጋው ሳልነግረው በቅሎዎቹን ጠመድኩ። አማቱ መረቁኝና ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ ስዞር ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ሞተሩ እንዲያዘም እመኝ ነበር። ትንሽ ቢያዘም «ያለ አንተ አልሆነም» ብዬ እመለሳለሁ። በየጉድባው ጋሪው እንደ ወንፊት ሲናጥ ሞተሩ አብሮ ከመነቅነቅ በቀር ወዲህም ወዲያም አላለም። ያን ያህል በጥንቃቄ የታሰረ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰው ወንድሙን እንዲህም አድርጎ ይወዳል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ አልተጽናናሁም።

አዳማ የገባሁት በአራተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ጋሪውን ግቢዬ አቁሜ ለበቅሎዎቹ ገለባ ሰጠሁና ጠፍሩን ልፈታ እጄን ሰደድኩ። ያኔ ቆምኩ። ወንድሜ አንድ ሰው እንዴት እንደሚነዳው፣ ወንዙን እንዴት እንደሚያሻግረው ሁሉን አስቦልኛል። እንዴት እንደማወርደው ግን አላሰበም። አንዱ ሲፈታ ሌላው መያዝ አለበት፤ ይህን ሁልጊዜ የምናደርገው ሁለት ሆነን ነው። በልማዴ ወደ ቤቱ ዞሬ የወንድሜን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ።

ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሰምቶኝ፣ «እሰይ! መጣልህ?» አለኝ።